ጂቪ የገዛው ልብስ ሰፊ፦ ከጅማ አንድ የጉዳይ ጥናት

መጀመሪያ የመጣው ሰኔ ላይ ነው። ክረምቱ ገብቶ፣ አዌቱ ወንዝ ደፍርሶ፣ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ጭቃ የሚረጭበት ሰሞን ነበር። ጃኬቱን ራሱ ላይ አድርጎ እየሮጠ ገባ።

«ሲስተር፣ ጂቪ አለሽ?»

ጂቪ ያቺ ሐምራዊዋ የቁስል መድኃኒት ናት። አፍ ሲቆስልም ሰው ይቀባታል።

«ምንህን ልትቀባ ነው?»

«ምላሴን። ተኝቼ ነክሼው ነው መሰለኝ።»

ሰጠሁት። ከፈለ፣ ሄደ። ሐምሌ ላይ ደግሞ መጣ። ነሐሴ ላይም መጣ። ሦስቱንም ጊዜ ለምላሱ ጂቪ ሸጥኩለት። የሚጥል ሕመም እንዳለበት አውቃለሁ፤ ኪኒኑንም ከእኔ ነበር የሚገዛው። ሁለቱን ነገር ግን አላገናኘኋቸውም። ተኝቶ ምላሱን የሚነክስ፣ መቼ እንደነከሰም የማያውቅ ሰው ሌሊት ምን እየሆነ ነው ብዬ አልጠየቅኩም።

መስከረም ላይ ሞተ። 24 ዓመቱ ነበር።

ፋርማሲስት ነኝ፤ ጅማ ውስጥ ነው የምሠራው። ይህን የምጽፈው እናቱን አስፈቅጄ ነው። ስሙን፣ ሰፈሩን፣ የታከመበትንም ቦታ አልጠራም። ከእናቱ፣ ከአከራዩና ከአሠሪው የሰማሁትን፣ እኔ ራሴ ያየሁትን አንድ ላይ አድርጌ ላስቀምጠው። ምክንያቱም ይህ ልጅ ከመሞቱ በፊት ምልክቱ ሁሉ ነበር። ችግሩ አንዱ ምልክት እኔ ጋ፣ ሌላው አከራዩ ጋ፣ ሌላው አሠሪው ጋ ተበትኖ መቅረቱ ነው።

ልጁና ሕመሙ

መጀመሪያ የጣለው 7ኛ ክፍል ሳለ፣ የጠዋት ሰልፍ ላይ ነው። ልጆቹ ተበትነው ሸሹ። አረፋው ከነካን ይይዘናል ብለው ነው። አንድ መምህር ብቻ ቀረበው። እሱም ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ያዘለት። (ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የክብሪት ጭስም ምንም አያደርግም፤ መንዘፍዘፉ በራሱ ጊዜ ሲያበቃ ክብሪቱ ያዳነ ይመስላል እንጂ።)

ከዚያ በኋላ 5 ዓመት ጠበል ለጠበል ነው የዞሩት። አንዲት የሙስሊም ጎረቤታቸው አዝናላት ሼህ ዘንድም ወስዳው ነበር። እናቱ ይህን ስትነግረኝ አንገቷን ደፋች፤ የምወቅሳት መስሏት ነው። ለልጇ የማትሞክረው ነገር ያለ እናት የለችም። እኔም መድኃኒት ለሚወስድ ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ ተጠመቁ፣ ጸልዩ፣ ዱዓ አስደርጉ፤ ኪኒኑን ግን ለአንድ ቀን አታቋርጡ።

19 ዓመት ሲሞላው ሕክምና ጀመረ። መጀመሪያ የተሰጠው ፌኖባርቢታል ነው። ሕመሙን ቀነሰለት፤ ግን ማሽኑ ላይ እያንቀላፋ አስቸገረው። ልብስ ሰፊ ነው፤ እንቅልፍና የስፌት መርፌ አብረው አይሄዱም። ሐኪሙ ወደ ካርባማዜፒን ቀየረለት፤ 200 ሚሊግራም፣ ጠዋትና ማታ።

ከዚያ በኋላ ዓመት ከአራት ወር አልጣለውም። እናቱ ይህን ጊዜ ስታወራ ፊቷ ይበራል። ማታ ማታ እራት ስታቀርብ ኪኒኑን በተደፋ ሲኒ ሥር ታስቀምጥለት ነበር። ሲኒውን ሲያነሣ ኪኒኑን ያገኛል፤ ይውጣል፤ ሲኒውን መልሶ ያቃናል። ሲኒው ተደፍቶ ከቆየ አልወሰደም ማለት ነው። ጠዋትም እንደዚያው። በሥራዬ ብዙ ዓይነት የኪኒን ማስታወሻ አይቻለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ግን አላየሁም።

23 ዓመት ሲሞላው ቤት ተከራየ። ከስፌት ቤቱ ሩቅ ያልሆነች አንድ ክፍል ናት። «እስከ መቼ እንደ ሕፃን?» አላት። እሷም ደስ አላት። ልጄ ድኖ፣ ራሱን ችሎ ጎጆ ሊወጣ ነው ብላ ለጎረቤት ቡና አፍልታለች። ያን ቀን ብቻውን መተኛት እንደጀመረ ማንም አላሰበም። ማንስ ነግሮን?

ሲኒው እናቱ ቤት ቀረ።

ቀጥሎ የመድኃኒቱ ነገር መጣ። ክትትል የሚያደርግበት ቦታ መድኃኒቱ እየጠፋ «ከውጭ ግዛ» ይባል ጀመር። እኔ ጋ መምጣት የጀመረው ያኔ ነው። የወሩን በአንዴ አይገዛም፤ አንድ ስትሪፕ፣ ሁለት ስትሪፕ እያለ ነው። አንድ ቀን «አይበቃህም እኮ» ስለው፣ «በምላጭ ግማሽ ግማሽ እያደረግኩ ነው ሲስተር፤ የበዓል ሥራ ሲመጣ ሙሉውን እገዛለሁ» አለኝ።

«እንደዚህ አታድርግ፣ ያገረሽብሃል» አልኩት። ያልኩት ይህን ብቻ ነው። ማገርሸት ለእሱ ምኑ ነው? ከ14 ዓመቱ ጀምሮ ወድቆ ተነሥቷል። ወድቆ መነሣትን የለመደ ሰው «ትወድቃለህ» ስትሉት አይደነግጥም። ላይነሣ እንደሚችል ነው ልነግረው የሚገባኝ። አልነገርኩትም።

ሦስት ሰዎች ያዩት

ከቀብሩ በኋላ አከራዩ እትዬ ስታለቅስ የነገረችኝን አልረሳውም። ልጁ ፍራሹን ደጋግሞ አጥር ላይ ያሰጣ ነበር። በክረምት! ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ፍራሹ ይወጣል። «ንጹሕ ልጅ ነው እያልኩ ለልጆቼ ምሳሌ አደርገው ነበር» አለች። ሌሊት ደግሞ ሁለት ጊዜ ያህል እንደ በሬ የሚያጓራ ድምፅ ሰምታለች። ሲቃዥ ነው ብላ አማትባ ተኛች።

አሠሪው ደግሞ በክረምቱ ጠዋት ጠዋት ማርፈድ እንደጀመረ ነገረኝ። ሲመጣም ራሱን ይዞ፣ ሰውነቴን ተቀጥቅጬ ያደርኩ ይመስለኛል እያለ ነው። ማምሸት ጀምሯል ብሎ ተቆጥቶታል።

ሦስተኛዋ እኔ ነኝ፤ ከነጂቪዬ።

የተነከሰ ምላስ። የረጠበ ፍራሽ። የሌሊት ጩኸት። ጠዋት የሚሰባበር ሰውነት። እነዚህን አራቱን አንድ ላይ የሚያይ የጤና ባለሙያ ቢኖር፣ «ይህ ልጅ በየሌሊቱ እየጣለው ነው» ለማለት ደቂቃ አይፈጅበትም። ልጁ ራሱ አያውቅም፤ ተኝቶ የጣለው ሰው ሲነቃ አያስታውስም። ቀጠሮ ሲሄድም «ጥሎሃል?» ይሉታል፤ «አይ፣ ደህና ነኝ» ይላል። አልዋሸም። መድኃኒቱ ይታደስለታል፤ ይወጣል። ከውጭ ያለው ወረፋ ረጅም ነው።

የመስከረም ሌሊት

መስቀል ሊደርስ ነው። ስፌት ቤቶች የማይተኙበት ሳምንት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሲሰፋ ያመሸ ነበር። እንቅልፍ እንዳይጥለው ጓደኞቹ ጋር ጫት ቅሟል። ጅማ ውስጥ ይህ እንደ ምሥጢር የሚነገር ነገር አይደለም፤ ሥራ የበዛበት ሁሉ ይቅማል። ግን የሚጥል ሕመም ላለበት ሰው ከባድ ነገር ነው። ጫት እንቅልፍ ይነሣል፤ የእንቅልፍ ማጣት ደግሞ ሕመሙን ከሚቀሰቅሱት ነገሮች ዋናው ነው ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ መድኃኒቱ ተገምሷል።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ቤቱ ገባ። ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን አሠሪው ደወለ። ስልኩ ውስጥ ይጠራል። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ጎረቤት ተሰብስቦ ሰበረው።

በደረቱ ተደፍቶ፣ ፊቱ ትራስ ውስጥ ገብቶ ነበር። ትራሱ ላይ ትንሽ ደም ነበር፤ አንሶላው ረጥቧል። ጠረጴዛው ላይ ምላጭ፣ አጠገቡ ሦስት የኪኒን ግማሾች ነበሩ። ፖሊስ መጥቶ አየ። የተመታ ነገር የለም፣ የተሰበረ ነገር የለም፣ የተጠጣ ነገር የለም። ቤተሰቡ አስከሬኑ ለምርመራ እንዳይሄድ ለመነ። በማግስቱ ተቀበረ።

ድንኳኑ ውስጥ ወሬው ብዙ ነበር። ሰው አስነክቶት ነው። መንፈሱ አንቆት ነው። ጫቱ ነው። እናቱን አንዷ «ብቻውን ለምን ለቀቅሽው?» አለቻት፤ ለቅሶ ላይ! በሠልስቱ እናቱ እጄን ይዛ ወደ ጓዳ ወሰደችኝ። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፦

«ተሠቃይቶ ነው? ጠርቶኝ ይሆን?»

ያኔ የምላት አጣሁ። ዛሬ ግን የማውቀውን ነግሬያታለሁ። እንዲህ ያለው መንዘፍዘፍ ሲመጣ ሰው ራሱን ወዲያው ነው የሚስተው። ሕመሙን አላወቀውም። አልጠራሽም።

ምን ገደለው?

ሐኪሞች ሱዴፕ ይሉታል። የሚጥል ሕመም ያለበት ሰው፣ ሳይሰጥም፣ ሳይቃጠል፣ ወድቆ ሳይጎዳ፣ ሳይመረዝ፣ በአብዛኛው ተኝቶ ሳለ በድንገት ሲሞት፣ አስከሬኑ ሲመረመርም ሌላ ምክንያት ሲጠፋ የሚሰጥ ስም ነው። ምርመራ ተደርጎ ከሆነ «የተረጋገጠ» ይባላል። እንደኛው ልጅ ሳይመረመር የተቀበረ፣ ነገሩ ሁሉ ግን ወደዚያ የሚጠቁም ከሆነ «ሊሆን የሚችል» ከሚለው ከፍ ብሎ «ሳይሆን አይቀርም» የሚል ደረጃ ይሰጠዋል። የኔ ፍርድም እሱ ነው።

እንዴት እንደሚገድል የተሻለው ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ነው። አጥኚዎቹ የአንጎልና የልብ መቆጣጠሪያ ተገጥሞላቸው ሆስፒታል ውስጥ ሳሉ በሱዴፕ የሞቱ 16 ሰዎችን መዝገብ ከብዙ አገር ሰበሰቡ። በዝርዝር ሊመረመሩ የቻሉት ሁሉ የሄዱት በአንድ መንገድ ነው። መጀመሪያ መላ ሰውነትን የሚይዘው ትልቁ መንዘፍዘፍ ይመጣል። ሲያበቃ ትንፋሽ ቶሎ ቶሎ ይላል። ከዚያ በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሹም ልቡም ይደክማል፤ ትንፋሹ ይቆማል፤ ልብ ይከተላል። አብዛኛው የሆነው በሌሊት ነው። አብዛኞቹም በደረታቸው ተደፍተው ነበር። በዚያው ጥናት ውስጥ ትንፋሻቸው ቆሞ ከሞት የተመለሱ 9 ሰዎችም አሉ። እነሱ ዘንድ ሰው ቶሎ ደርሷል።

ይህን ሳነብ የታየኝ ያ የተቀረቀረ በር ነው።

ቁጥሩን ሳልሸሽግ ልናገር። የሚጥል ሕመም ካለባቸው አዋቂዎች ውስጥ በዓመት ከ1,000 አንዱ በዚህ ይሞታል። ከሕፃናት ደግሞ ከ4,500 አንዱ። ትንሽ ይመስላል፤ ደግሞም ለብዙው ሰው ትንሽ ነው። አደጋው ግን ለሁሉም እኩል አይደለም። በዓመት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ መላ ሰውነቱ እየተንዘፈዘፈ የሚጥለው ሰው፣ እንዲህ ከማይጥለው ይልቅ አደጋው 15 እጥፍ ነው። ሌሊት የሚጥለው፣ ብቻውን የሚተኛ፣ መድኃኒቱን የሚያቆራርጥ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። የኛው ልጅ ሁሉንም አሟልቶ ነበር።

ስንት ሰው ነው ጉዳዩ የሚመለከተው? ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ገጠር ቤት ለቤት ዞረው፣ ከ60,820 ሰው ውስጥ 316 የሚጥል ሕመም ያለባቸው አግኝተዋል። ከ1,000 ሰው 5.2 መሆኑ ነው። የ1999ኙ ሕዝብ ቆጠራ ጅማ ከተማን 120,960 ነዋሪ ብሎ መዝግቧል። የቡታጅራው ልክ እዚህም ቢሠራ፣ በዚያ ቆጠራ እንኳ ከ600 ሰው በላይ ነው። ከተማው ደግሞ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰፍቷል። የሐሙስ ዕለት ሄርማታ ገበያ ስገባ ይህን አስባለሁ። ከዚህ ሁሉ ሰው ውስጥ ኪኒኑን በኪሱ ደብቆ የያዘ አለ።

ለምን አልተነገረውም?

ከባልደረቦቼ ጋር ተከራክሬበታለሁ። አንዱ «በሽተኛ ለምን ታስፈራሪያለሽ? ጭንቀቱ ይጥለዋል» አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እኔም እንደሱ ነበር የማስበው። ግን ስኳር ያለበትን ሰው «እግርህን ጠብቅ፣ ሊቆረጥ ይችላል» እንለዋለን። ደም ግፊት ያለባትን «ስትሮክ ይመጣል» እንላታለን። የሚጥል ሕመም ላይ ስንደርስ ነው ምላሳችን የሚታሰረው። የአሜሪካ የኒውሮሎጂ (የአንጎልና የነርቭ ሕክምና) አካዳሚና የኤፒለፕሲ (የሚጥል ሕመም) ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት መመሪያ ለታካሚና ለቤተሰብ አደጋው ይነገር ብለዋል፤ ቁጥሩ ሳይጋነን፣ መቀነስ እንደሚቻል ተጨምሮ።

መቀነስ ደግሞ ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የሚጥል ሕመም ካለባቸው ሰዎች እስከ 70 በመቶው ተገቢውን ሕክምና ቢያገኙና ቢከታተሉ ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ያልጣለው ሰው ደግሞ በሱዴፕ የመሞት ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። እዚህ ልጅ ላይም አይተነዋል፤ ሲኒው ሲሠራ ዓመት ከአራት ወር ደህና ነበር።

አሁን ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይን ወይም ቫልፕሮኤት ሊገዛ የመጣን ሁሉ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ሌሊት ማን ጋ ነው የምትተኛው? ጠዋት ስትነሣ ምላስህ ቆስሎ፣ ልብስህ ረጥቦ ያውቃል? አብሮት የሚኖረው ሰው መጥቶ ከሆነ እሱንም እጠይቃለሁ። አዎ ካሉኝ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪማቸው እንዲመለሱ፣ ያሉኝንም እንዲነግሩት ወረቀት ላይ ጽፌ እሰጣለሁ። ኪኒን ሊገምስ የሚያስብ ካለም እዚሁ እንዲነግረኝ እለምናለሁ። ሐኪሙ ሊገኝና ሊገዛ ወደሚችል መድኃኒት ሊቀይርለት ይችላል። በራስ መገመስ ወይም በድንገት ማቆም ግን ሕመሙን አባብሶ ነው የሚያመጣው።

አብሮ የሚተኛው ሰው ምን ያድርግ? ሲጥለው አትያዙት፣ አትጫኑት። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ። ራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፤ ሰዓት ተመልከቱ። መንዘፍዘፉ ሲያቆም በጎኑ አዙሩት፤ ፊቱን ከትራስ አውጡት፤ በስሙ ጥሩት፤ ነካ ነካ አድርጉት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። «አለፈለት፣ ይተኛ» ብሎ ብርድ ልብስ ደርቦ ይሄዳል። አደገኛው ጊዜ ግን ካለፈለት በኋላ ያሉት ደቂቃዎች ናቸው። ነቅቶ እስኪያናግራችሁ አጠገቡ ቆዩ። መንዘፍዘፉ 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው አምቡላንስ ጥሩ፤ ከሌለ ባጃጅም ቢሆን ይዛችሁ ሩጡ። ትንፋሹ ከቆመ በጀርባው አስተኙትና ደረቱን መጫን ጀምሩ፤ እየጮኻችሁ ሰው ጥሩ።

ብቻውን የሚኖርም አለ፤ ወደ እናትህ ቤት ተመለስ ማለት አይቻልም። በሩን ከውስጥ አይቀርቅር፤ ትርፍ ቁልፍ ለሚያምነው ጎረቤት ይስጥ። ጠዋት የሚደውልለት ሰው ይኑረው። ሕመሙን ለአከራዩ ይንገር። ይህን የመጨረሻውን ስል እንደሚከብድ አውቃለሁ። የሚጥል ሕመም አለብኝ ያለን ሰው ቤት የሚከለክል አከራይ አለ። የኛው ልጅ ያልተናገረው ለዚህ ነው። አከራዩ ግን «ብነግራት ታስወጣኛለች ብሎ ይሆን?» እያለች ዛሬም ታለቅሳለች።

ባለፈው ሳምንት

አንዲት እናት ጅማ አጠገብ ካለው ከማና ወረዳ መጣች። የ11 ዓመት ልጇን ይዛለች። ወረቀቱ ላይ ካርባማዜፒን ተጽፏል። ልጅቷ ባንኮኒው ላይ አገጯን አስደግፋ ከረሜላውን ታያለች።

«ማታ ማን ጋ ነው የምትተኛው?» አልኳት።

«አድጋለች እኮ፤ ለብቻዋ መደብ ሠርተንላታል። ምነው ሲስተር?»

ልጅቷን ከረሜላ አስይዤ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። እናቷን ወደ ውስጥ ጠራኋት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኳት፤ ከ4,500ው አንዷ እንዳትሆን ምን እንደምታደርግ ጭምር። ዓይኗ እንባ ሞላ። ትንሽ ዝም አለችና፣ «አያቷ ሌሊት እንቅልፍ የላቸውም። እሳቸው ጋ ትተኛለች» አለች።

«ምላሷንስ ነክሳ ታውቃለች?»

«አንድ ጊዜ። ጂቪ ቀባንላት።»

የሐኪሟን ቀጠሮ ጠየቅኳት፤ ገና ሁለት ወር ይቀረዋል። ነገ ጠዋት ተመልሳ እንድትሄድ፣ ያን የምላስ ነገር እንድትናገር ጻፍኩላት። ኪኒኑን የወሩን ሙሉ ቆጠርኩ፤ 60 ፍሬ። ከዚያ ስለ ሲኒው ነገርኳት።